የትርንጎ ፀጉር የረገፈበት በጋ

የልጅ ልጄ ሕሊና ባለፈው እሑድ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣች በማግስቱ፣ ታጥባ የወጣችውን ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ዘርግታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው እጇ ብሩሽ ይዛለች። "እማማ፣ ለረጅም ፀጉር የቱ ይሻላል?" አለችኝ። ስልኳ ላይ አንዷ ብሩሽ ፀጉር ያፋፋል ስትል፣ ሌላዋ ብሩሽ ፀጉር ይፈጃል ስትል ሰምታ ግራ ገብቷታል። ጥያቄዋ ቀላል ነበር። እኔ ግን የምትለውን በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ዓይኔ ብሩሹ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። በጥርሶቹ መካከል የተጠመጠመው ፀጉር የወፍ ጎጆ አክሏል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የሚረግፈው ብዬ ጠየቅኋት። ሲታጠብ ትንሽ ይወጣል፣ ምን ሆነሻል ብላ ሳቀችብኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይቀለኝ ይሆናል።

ያኔ ሶዶ ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤታችን ከአራዳ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይሸፍነዋል፣ እስከ ረፋድም የጎረቤት አጥር አይታይም። አሁን ባጃጅ የሚጋፋበት ማዕዘን ላይ ያኔ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በሩ ላይ የምታንጎራጉር ሬዲዮ ሰቅሎ ይሰፋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዘፈን ከያዘች ዘፈኑ እስኪያልቅ እንቆም ነበር። የዘመኑ ዘፈን ሁሉ ስለ ፀጉር ይመስለኛል፤ ጀርባ ላይ የሚወርድ፣ ወገብ የሚመታ፣ እንደ ሌሊት የሚጠቁር። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች እንደ ደወል ሰፍቶ፣ አፍሯቸውን ባለ ረጅም ጥርስ ማበጠሪያ ሽቅብ እያነሡ፣ ማበጠሪያዋን ከኋላ ኪሳቸው እንደ ጌጥ ብቅ ያደርጓታል። ሴቶቹ የቴትሮን ጨርቅ ቀሚስ ከጉልበት ከፍ አድርገው ይለብሳሉ፤ እናቶች ደግሞ ያንን እያዩ ያማትባሉ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሻንቶና ከቤሌ የሚመጡት ሴቶች በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ በስሙኒ የተገዛ ቅቤ ለሁለታችን ራስ ሳምንት ይበቃል። አሁን ስሙኒ ምን እንደሆነ ሕሊና አታውቅም። ቅቤ በራስ ላይ ማድረግም ይሸታል ትላለች።

ትርንጎ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ገና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስሆን እሷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። ፀጉሯ ሲፈታ ቁጭ ያለችበትን ወንበር መቀመጫ ይነካ ነበር። እንደ ዘፈኑ ለስላሳ አልነበረም፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጠቀለለ፣ እጅ የሚሞላ ነው። ሰው ሲያየው ዝም ማለት አይችልም። እማዬ ግን ሰው ባደነቀ ቁጥር ፊቷ ይከስማል፤ ዓይን ትፈራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ትርንጎን በእግሮቿ መካከል አስቀምጣ፣ ቅቤውን በመዳፏ አሟሙታ፣ በቀንድ ሚዶ ታበጥራታለች። ከጫፍ ነበር የምትጀምረው። ጫፉን ፈትታ ስትጨርስ ትንሽ ከፍ፣ ያንን ስትጨርስ ደግሞ ከፍ፣ ሥሩን የምትነካው በመጨረሻ ነው። ፀጉሩን በግራ እጇ ጨብጣ ትይዘዋለች፤ ሚዶው ሲስብ የራስ ቆዳዋን እንዳያማት ነው። ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅማ፣ በጣቷ ጠቅልላ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ትወትፈዋለች። ወፍ ወስዳ ጎጆ ከሠራችበት ባለፀጉሯን ራስ ምታት ይይዛታል ትለን ነበር፤ ሰው ካገኘው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር አለ። የባሰው ነገር ምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ስለማትናገረው የበለጠ እንፈራው ነበር።

ብሩሹን ወደ ሰፈራችን ያመጣችው እትዬ ሰብለ ናት። ባሏ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ሲመጣ አጥር የምንጋራው ቤት ውስጥ ገቡ። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን በካውያ ተኩሳ ከአንገቷ በላይ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። ልጅ አልነበራትም። ቀኑ ረጅም ሲሆንባት ነው መሰለኝ፣ ትርንጎንና እኔን በአጥር እየጠራች ብስኩት ትሰጠን፣ መጽሔት ታሳየን ነበር። መስታወቷ ፊት ብሩሹ ተጋድሞ ይታያል፤ ጀርባው የብር ቀለም ያለው፣ ፊቱ ጥቅጥቅ ባለ የእንስሳ ፀጉር የተሞላ። ከምን እንስሳ እንደሆነ እሷም አታውቅም። እማዬ ስለ ብሩሹ ስንነግራት የማን ራስ እንደነካ ያልታወቀ ነገር አትንኩ ብላ ከለከለችን። ትርንጎ ግን ዓይኗ እዚያው ቀርቶ ነበር።

በዚያ ክረምት ትርንጎ ታመመች። ሰፈሩ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ነበርና እሷንም አልማራት። ብዙ ቀን ነደደች። በረሃብ የሞተ ሰው መስላ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ የማናውቀውን ሰው ስም እየጠራች ትቃዣለች። አባባ የአውራጃው ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሳቸው እንኳን ከመሥሪያ ቤት ቀርተው ከራስጌዋ ይቀመጡ ነበር። እኔ ጎረቤት ዘመድ ቤት ተልኬ ስለነበር በየቀኑ ጠዋት ከቤታችን በኩል ልቅሶ ይሰማ እንደሆነ በመስኮት ጆሮዬን እሰጥ ነበር። አልተሰማም። ለመስቀል ትርንጎ ከአልጋዋ ተነሥታ ደጅ ወጣች፤ ዱላ ይዛ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ያኔ አልተነካም ነበር። ሰው ሁሉ ፀጉሯን እያየ ደህና ናት አለ።

ኅዳር ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንደኛው ደስታ ነበር። አረካ ከተማ የሚያስተምር፣ ከበደ የሚባል የአንድ ወጣት ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። አባባ አባቱን ያውቋቸው ስለነበር አላስቸገሩም። እናትየው ወይዘሮ በላይነሽ ልጅቱን በዓይናቸው ለማየት ከጥምቀት በፊት እንደሚመጡ ተነገረን። እማዬ ለእንግዶቹ ትርንጎን አስጊጣ ለማቅረብ ስታስብ፣ ትርንጎም በበኩሏ አሰበች። አንድ ቀን እማዬ ገበያ ስትሄድ በአጥሩ ሾልከን እትዬ ሰብለ ቤት ገባን። ትርንጎ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። እትዬ ሰብለ መጽሔት ላይ እንዳነበበችው ከሥር እስከ ጫፍ ደጋግሞ መቦረሽ ፀጉር ያበራል ብላ፣ ደረቁን ፀጉር ከግንባሯ ጀምራ ወደ ኋላ ቦረሸችው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሳበችው ቆመች። ብሩሹን አየችው። እኔም አየሁት። ነጩ የብሩሽ ፊት አይታይም፤ በሙሉ ጥቁር ሆኗል። እትዬ ሰብለ ፀጉሩን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እንደገና በቀስታ ሳበች። እንደገና ሞላ። መስታወቱ ውስጥ የሦስታችንም ፊት አንድ ላይ ይታየኝ ነበር። ትርንጎ እጇን ወደ ራሷ አነሣችና በጣቶቿ ትንሽ ሳብ አደረገችው። ሳይቆረጥ፣ ሳያማት፣ ከሥሩ ወጥቶ ጣቷ ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ወሬውም በሹክሹክታ ነበር። ፀጉሩ በየቦታው ነው። ትራስ ላይ፣ ነጠላ ላይ፣ ውሃ መቅጃው ላይ። አንድ ጠዋት ቁርስ ስበላ አፌ ውስጥ ረጅም ፀጉር አገኘሁ፤ ጎትቼ ጎትቼ አላልቅ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እህል አልገባልኝም። ከትርንጎ ጋር አንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፤ ወደ ግድግዳው ተለጥፌ፣ ፀጉሯ እንዳይነካኝ ነጠላዬን አገጬ ድረስ ስቤ እተኛለሁ። እህቴን መፍራቴ ያስፈራኝ ነበር። ሲነጋ መጀመሪያ የማደርገው የራሴን ራስ መዳሰስ ነው። አንድ ሁለት ፀጉር ጣቴ ላይ ከቀረ ተራው የኔ ደርሷል እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ትርንጎም ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ አስራ ከቤት መውጣት ተወች።

እማዬ የፈራችው ብዙ ነው። መጀመሪያ ላሽ ነው አለች። ቀጥሎ ዓይን ነው አለች። ጸበል ወሰደቻት፤ ከጸበሉ ስትመለስ እርጥቡ ፀጉር ይበልጥ ረገፈ። በመጨረሻ ስለ ብሩሹ ሰማች። የነገርኳት እኔ አልነበርኩም፤ ትርንጎ ራሷ ናት፣ ምርር ብሏት። እማዬ ያን ጊዜ ቁጭ አለች። እትዬ ሰብለ ልጅ እንደሌላት፣ ከየት እንደመጣች ዘሯ እንደማይታወቅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የትርንጎን ፀጉር እንዳስቀረች አንድ በአንድ እያነሣች ገጣጠመችው። የማትናገረው የባሰ ነገር ይህ ነበር፤ መተት። አባባ ይህ የባልቴት ወሬ ነው፣ ባሏ በሥራ የማውቀው ሰው ነው ብለው ተቆጡ። ግን እሳቸውም ያን ሰሞን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩ ነበር።

ወሬው ከቤታችን እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ተዘጋ። እትዬ ሰብለ ቡና ላይ አትጠራም፣ ሰላምታዋ በግማሽ ይመለስላታል። ውሃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ስትመጣ ሴቶቹ የልጆቻቸውን ራስ በሻሽ ያስራሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሯ ላይ ቆማ አየኋት። ስሜን ጠርታ እህቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ። ደህና ናት ብዬ ሮጥኩ። ስሮጥ ከኋላዬ የምትከተለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዞር ስል ግን በሩ ተዘግቷል። ያን ዘመን ሰው ሰውን የሚፈራበት ብዙ ምክንያት ነበረው፤ በመንገድ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ የሚፈራበት ዘመንም ብዙ ሳይቆይ መጣ። እኔ ግን ፍርሃትን የተማርኩት ከዚያ በፊት፣ ከአጥራችን ማዶ ከቆመች አንዲት ብቸኛ ሴት ነው።

ይህን ስጽፍ ሕሊና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትዘፍናለች። ከእሑድ ጀምሮ፣ እሷ ስትወጣ ጠብቄ ብሩሿን አያለሁ። ትናንት ያነሰ መሰለኝ፤ ዛሬ ደግሞ የጨመረ መሰለኝ። ስለ ጥያቄዋ የማውቀውን ነግሬያታለሁ። የኛን ዓይነት ፀጉር ብሩሽ ሳይሆን ጥርሱ የተራራቀ ማበጠሪያ ነው የሚፈታው፤ ያውም ረጠብ ብሎ፣ ቅባት ጠጥቶ፣ ከጫፍ ተጀምሮ። ብሩሽ ለተፈታ ፀጉር ማስተኛ ነው፤ በደረቁ፣ በተቋጠረው ላይ ከወረደ የሚቀር ፀጉር የለም። እሺ አለችኝ። እሺ ስትል ግን ስልኳን ነበር የምታየው። ባለፈው ሴሚስተር ታይፎይድ ይዟት ዶርም ውስጥ ተኝታ እንደነበር የነገረችኝ በዚያው ጊዜ ነው፣ እንደ ዋዛ። እኔ ግን እንደ ዋዛ አልሰማሁትም። ወራቱን በልቤ ቆጠርኩ።

የትርንጎ ፀጉር ሁሉም አልረገፈም ነበር። የቀረው ግን እንዳይረግፍ ፈርታ ማበጠሩን ተወችው። እማዬም ሚዶውን ደበቀች፤ ካልተነካ ይቀራል ብለው ሁለቱም ተስፋ አደረጉ። የረገፈው ከቀረው ጋር ተጠላልፎ፣ ቅቤውና ላቡ አያይዞት፣ ከሻሹ ሥር እንደ ሱፍ ቁራጭ አንድ ላይ ተጋገረ። ሽታ አመጣ። ራሷን ያሳክካታል፣ ግን እጇን አትሰድም። የእንግዶቹ ቀን እየቀረበ ነው። አባባ በመጨረሻ ሁለታቸውንም ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ እኔም እቤት ብቻዬን መቆየት ስለፈራሁ ተከተልኩ።

ያገኘናቸው ድሬሰር፣ እንደ ዛሬው ጤና ረዳት፣ አቶ አንጁሎ ይባላሉ፤ የዚሁ የወላይታ ሰው፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው እጅጌው የሚያጥራቸው። ሻሹ ሲፈታ እማዬ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። እሳቸው ግን ራሷን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆዳውን በጣታቸው ከፈት ከፈት እያደረጉ አዩ። በክረምት ምን ታማ እንደነበር ጠየቁ። አባባ ነገሯቸው።

"እሱ ነው እንግዲህ" አሉ አቶ አንጁሎ። "ትልቅ ትኩሳት ፀጉር ይጥላል። ያኔውኑ አይደለም፣ ወር ሁለት ወር ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ሰው ድኛለሁ ሲል ነው የሚጥለው። ብዙ ሰው አይቻለሁ። ይመለሳል።"

እማዬ ነጠላውን ሳታነሣ ስለ ብሩሹ ጠየቀቻቸው። ብሩሹ ሊረግፍ የተዘጋጀውን አወጣው እንጂ አልጣለውም አሉ፤ በደረቁ መጎተቱ ጥሩ አልነበረም፣ ግን ማበጠሪያም ቢሆን ያወጣው ነበር። እማዬ ያ ቆሻሻ ነገር ነው ብላ ልትከራከር ስትጀምር አባባ በዓይናቸው አስቆሟት። ቀጥለው አቶ አንጁሎ የተናገሩት ነው የባሰው። የተጋገረው ፀጉር ሊፈታ አይችልም፤ ከሥሩ ቆዳው ቆስሏል፤ ተቆርጦ ቁስሉ መታጠብ አለበት።

ዛሬ ልጆች ፀጉራቸውን በደስታ ይቆረጣሉ። ያኔ ሴት ፀጉሯን የምትቆረጠው ሰው ሲሞትባት ነው። ባል ወይ ልጅ የቀበረች ሴት ናት ራሷን የምትላጨው። በሕይወት ያለችን ልጃገረድ ፀጉር መቁረጥ ሞት መጥራት ነበር፤ ያውም ገና ከሞት አፍ የወጣችን። እማዬ መቀሱን አንሥታ ከትርንጎ ኋላ ቆመች፤ መልሳም አስቀመጠችው። አክስታችን ተጠራች፤ እኔ በእጄ ልቅሶ አላመጣም ብላ ከበር ተመለሰች። ሹሩባ የምትሠራን ሴትም እምቢ አለች። አባባ ሞክረው ከጆሮዋ አጠገብ ሲደርሱ ተዉት። ትርንጎ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች፤ ሻሹ ጭኗ ላይ ነው። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ከዚያ በቀስታ፣ "እትዬ ሰብለን ጥሩልኝ" አለች።

እማዬ እንደምትጮህ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ ራሷ ወጣች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ተመለከትኩ። በሩን ስታንኳኳ፣ እትዬ ሰብለ ከፍታ ስታያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እማዬን ፈርታት ነበር። ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ሲፈራሩ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እማዬ ምን እንዳለቻት ሙሉውን አልሰማሁም፤ ድሬሰሩ ያሉትን ስትነግራት ነበር። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ "በድዬሻለሁ፤ ልጄ ግን አንቺን ነው የጠራችው" ስትል ሰማሁ። እትዬ ሰብለ ገብታ እጇን ታጥባ፣ ጠባብ መቀስ ይዛ ወጣች።

ቆረጣው ብዙ ጊዜ ፈጀ። እትዬ ሰብለ የራሷን እጅ ፍርሃት እንዳናይ ይመስለኛል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ አዲስ አበባ ስለ እናቷ ስታወራ ነበር። የተጋገረውን በመቀሱ ጫፍ ከቆዳው ላይ ፈቀቅ እያደረገች አነሣች። ከሥሩ ቀይ ቁስል ነበር። ሞቅ ባለ ውሃና በሳሙና አጠበችው፤ ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ ወንበሩን ጨበጠች። የወደቀውን ፀጉር የሚለቅም ሰው ጠፋ፤ ማናችንም ልንነካው አልደፈርንም። በመጨረሻ እማዬ ተንበርክካ በሁለት እጇ አፍሳ በጨርቅ ቋጠረችውና እጓሮ ሄዳ ቀበረችው። ስትቀብር ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ከቤት ይሰማ ነበር። ትርንጎ መስታወት አምጡልኝ አለች። ልንሰጣት አልፈለግንም፤ ሰጠናት። አየች። ጆሮዎቼ ይህን ያህል ትልቅ ናቸው ወይ አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ሳይቆይ ነው። እማዬ ቀኑ እንዲራዘም ፈልጋ ነበር፤ አባባ ሰው ቀጥሮ መሸሽ ነውር ነው አሉ። ስለዚህ እማዬ ሌላ ዘዴ አሰበች። የራስ ምታት አለባት ተብሎ፣ ትርንጎ ሻሽዋን በወፍራሙ አስራ፣ ከላይ ነጠላ ተከናንባ፣ ሰላም ብላ ወዲያው ወደ ጓዳ ትገባለች። እማዬ ጠዋቱን ሁሉ ሻሹን አሰረች፣ ፈታች፣ አሰረች። ከውስጡ ፀጉር ያለ እንዲመስል ጨርቅ ጠቅልላ ከተተችበት። ወይዘሮ በላይነሽ ከባላቸውና ከሽማግሌው ጋር ከአረካ በመኪና መጡ። ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚከብድ፣ ዓይናቸው ከሰው ላይ ቶሎ የማይነሣ ሴት ናቸው። ክትፎ በዳጣ ቀረበ፣ ተበላ፣ ስለ ሰብሉ ተወራ። ልጁ ከበደ በባህሉ መሠረት አልመጣም።

ትርንጎ ተጠርታ ገባች። ጉልበት ስማ ቀና ስትል ወይዘሮ በላይነሽ እጇን ያዟትና አለቀቋትም። ያንቺ ፀጉር፣ ልጄ፣ እንኳን በሶዶ በአረካም ይወራል፣ እስቲ ልየው አሉ፣ በፈገግታ። እማዬ ስለ ራስ ምታቱ ጀመረች። ስትናገር ቃሉ አልገጥም አላት፤ ከመሃል ቆመች። ትርንጎ እጇን ከወይዘሮዋ አስለቀቀች። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ሻሹን ፈታች፤ የተጠቀለለው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ራሷ ከዳር እስከ ዳር ተላጭቷል፤ እዚህም እዚያም የቁስል ቅርፊት ነበር።

አባባ መሬት መሬት ያያሉ። ሽማግሌው አፋቸው ያደረሱትን ብርሌ መልሰው አስቀመጡ። የወይዘሮ በላይነሽ ፊት ጠቆረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው፣ "ማን ሞቶባችሁ ነው?" አሉ።

የመለሰችው ትርንጎ ናት።

"ማንም አልሞተብንም፣ እማማ" አለች። "ልሞት የነበርኩት እኔ ነኝ። ድኛለሁ።"

ወይዘሮ በላይነሽ ራሷን አዩ። እኔ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ተነሥተው ሲሄዱ፣ አረካ ደርሰው ሲያወሩ፣ ከዚያ ወዲያ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ሲጠፋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸውን በትርንጎ ራስ ላይ፣ ቁስሉን እንዳይነካ ቀለል አድርገው አሳረፉት።

"እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ፣ ልጄ" አሉ።

እማዬ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትርንጎ ከአልጋዋ በተነሣች ጊዜ ይህን ብዙ ሰው ብሏት ነበር። ፀጉሯ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ግን እኛ ቤተሰቦቿ እንኳን አላልናትም፤ ከፀጉሩ ጋር ልጅቱም የሄደችብን ያህል ነበር የምንኖረው።

ሁሉም ነገር ያን ቀን አላለቀም። ሽማግሌው ሲወጡ በሽታው ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ አባባን ጠይቀዋል፤ አባባም አቶ አንጁሎ ዘንድ ወስደዋቸው ከአፋቸው አሰሟቸው። እማዬም በአንድ ቀን አልተለወጠችም። እትዬ ሰብለን ቡና ጠራቻት፣ በሰፈሩ ሴቶች ፊት ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ ብሩሹ ግን እቤታችን እንዳይገባ እስክትሞት ድረስ ከልክላለች። እኔም አሁን ድረስ ሴቶች ሲቦርሹ ማየት አልችልም፤ ፀጉር ቤት ስገባ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው። ሕሊናን ሰኞ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። ሐኪሙ የሚለውን አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ፤ ያም ሆኖ እፈራለሁ።

የትርንጎ ሠርግ የተደረገው ከፋሲካ በኋላ ነው። ፀጉሯ ያኔ ከጣት አንጓ አይበልጥም፤ ለስላሳ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ። ቬሉን የሚሰኩበት አጥተው ሚዜዎቹ ሲጨነቁ፣ እትዬ ሰብለ በነጭ ጥብጣብ ከጆሮዋ ወደ ጆሮዋ አስራ ያዘችው። ድንኳኑ በራችን ላይ ነበር። ከዳሞታ በኩል ነፋስ ሲነሣ ቬሉን ወደ ኋላ ይገልጠዋል፤ በገለጠው ቁጥር ልቤ ይመታል። ከበስተጀርባዋ ቆሜ ትከሻዋን ነበር የማየው፣ የረገፈ እንዳለ ብዬ። ሴቶቹ እልል እያሉ በላይዋ ይበትናሉ። አንድ የወደቀ ነገር አይቼ፣ ተጠግቼ በእጄ ዳሰስኩ። ትከሻዋ ላይ የነበረው ፈንዲሻ ነው።